የንጋቱ ደሴት

ንጋቱ መሞቱን የሰማሁት ሞላሌ ገበያ ላይ በግ ስሸጥ ነው። የነገረኝ ሰው ፊቴን አየት አድርጎ፣ "እግዜር ያጽናህ፣ አብሮ አደግህ ነበር" አለኝ። "አሜን" አልኩ። መደንገጡን ደንግጫለሁ፣ ውሸት የለበትም። ነገር ግን ወደ ቤቴ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት ስለ ሰውየው ሳይሆን ስለ ሥዕሉ ነበር። እንግዲህ እሱ ከሌለ ያንን ሥዕል ምን ያደርጉት ይሆን እያልኩ። ቅናት፣ የቀኑበት ሰው ሲሞት አብሮ የሚቀበር ይመስለኝ ነበር። አይቀበርም። ልቅሶ ቤት ድረስ አብሮኝ ሄደ፣ ከጎኔ ተቀምጦ ንፍሮ በላ።

እኔ ሰዓሊ ነኝ። አባቴም ሰዓሊ ነበሩ። በደብራችን ግድግዳ ላይ ያለው ቅዱስ ሁሉ ወይ የሳቸው እጅ ነው ወይ የኔ። በአካባቢው የተሳለ ጊዮርጊስ፣ የተሳለች ማርያም የሚፈልግ ሰው በኔ ደጅ ነው የሚያልፈው። ንጋቱ ግን ብሩሽ የጨበጠው ጸጉሩ ከሸበተ በኋላ ነው። በዕድሜው የሳለው ሥዕልም አንድ ብቻ ነው። ያንን አንዱን ነው እስከዛሬ የምቀናበት።

ፊደል የቆጠርነው አብረን ነው። እሱ በጉብዝናው ተነሥቶ ምጽዋ ወረደና በአንዲት ትንሽ የጭነት መርከብ ላይ ተቀጠረ። ከደሴት ደሴት ጨውና በርሜል ሲያመላልስ ኖረ። ሥራው ሲቀር እግሩን አንፈራጦ የሚራመድ ጎልማሳ ሆኖ ተመለሰ፤ መሬቱ ከሥሩ የሚወዛወዝበት ነበር የሚመስለው። በመመለሱ በግ ታረደ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ አንድ ቀንም ከአገሬ ርቄ አላውቅም፤ በዚህ የተደሰተልኝ ሰው የለም። ነቢይ በአገሩ አይከበርም ይላሉ፤ ሄዶ የተመለሰ እንደሆነ ግን ይከበራል።

እንደ ማንኛችንም ገብስ ዘራ፣ በግ አረባ፣ በውርጭ የሱፍ ባናውን ተከናንቦ ፀሐይ ሞቀ። ብቻ ሁሉንም ነገር በራሱ መንገድ ነበር የሚያደርገው። አንድ ነገር ሊናገር ሲል አመልካች ጣቱን በምራቁ አርሶ ወደ ላይ ያነሣል፤ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ሳያውቅ አፉን አይከፍትም። ቤት ውስጥ ተቀምጦ እንኳ ያደርገዋል። "ንጋቱ፣ እዚህ ምን ነፋስ አለ?" ሲሉት፣ "ሰው ካለ ነፋስ አለ" ይላል። ይስቁለታል። እኔም አንድ ጊዜ ሳላስበው ጣቴን አርሼ ሳነሣ ባለቤቴ ዘነበች አይታኛለች፤ እስካሁን ትቀልድብኛለች።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከቆላው ጉም ይነሣና ከመንደራችን በታች ያለውን ገደል አፍ እስከ ገደፉ ይሞላዋል። የተራሮቹ ጫፍ ብቻ ብቅ ብቅ ብሎ ይቀራል። እኛ ይህን ስናይ ያደግን ሰዎች፣ እንስሳ ገደል እንዳይገባ ከመጠንቀቅ ሌላ ነገር አስበንለት አናውቅም። ንጋቱ ግን አፋፉ ላይ ይቆምና፣ "ዛሬ ውኃው ሞልቷል፣ መሻገሪያ የለም" ይላል። መጀመሪያ ሳቁበት። ቀጥሎ እነሱም እንዲሁ ማለት ጀመሩ። አንድ ጠዋት የገዛ ልጄ ከደጅ ገብቶ፣ "አባዬ፣ ዛሬ ውኃው ሞልቷል" ሲለኝ፣ "ጉም ነው በል፣ ጉም ነው ስሙ" ብዬ ተቆጣሁት። ልጁ ምን እንዳጠፋ አልገባውም።

በኔ ሥራ ላይ ሲመጣ ደግሞ ይብስ ነበር። አንድ ቀን የደብሩን ግድግዳ ሳድስ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ። ግድግዳውን ካየ በኋላ፣ "ተክሌ፣ ቅዱሳንህ ምን ላይ ነው የቆሙት?" አለኝ።

"ምን ማለትህ ነው?"

"መልካቸው ያምራል፣ ልብሳቸው ያምራል። ከእግራቸው በታች ግን ቢጫ ቀለም ብቻ ነው ያለው።"

"ሰማይ ነው ያሉት" አልኩት።

"እግራቸው እኮ መሬት የለመደ ነው" አለና እየሳቀ ሄደ። ክፋት አልነበረበትም፤ ክፋት ቢኖርበት ይቀለኝ ነበር። አኩርፌ ሰንብቼ ሰላም አልኩት፤ እሱ ግን እንደተኳረፍን እንኳ አላወቀም።

ሥዕሉን የሳለው አንድ ክረምት ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲለው ነው። ከትምህርት ቤቱ ኮርኒስ የተረፈ የኮምፔንሳቶ ቁራጭ አገኘ። ቀለሙም ከዚያው ነው፤ ለበሩ የተገዛው አረንጓዴ፣ ብረት የሚቀባበት ጸረ ዝገት ቀይ፣ ትንሽ ነጭ፣ ከምድጃው ጥላሸት። እኔ ቀለም የማስመጣው ከአዲስ አበባ ነው። ሲጨርስ አስጠራኝ። የምነቅፈው ነገር እየፈለግኩ እንደገባሁ አልደብቅም።

የደሴት ዳርቻ ነው። ጥቁርና ቀይ አለት ተሰነጣጥቆ፣ በውኃ ተበልቶ ቆሟል፤ ከአለቱ በላይ ጣራ የሌለው የድንጋይ ቤት አለ። ከጎኑ ድንጋይ ውስጥ የተፈለፈለ የውኃ ጉድጓድ፣ አንድ የደረቀ ዛፍ፣ ከዚያ ወዲያ ውኃ። ሰው የለም። ወፍ እንኳ የለም።

"ባሕር ሰማያዊ ነው" አልኩት።

"አንተ ባሕር አይተሃል?"

"አላየሁም። ስዬዋለሁ እንጂ።"

"እኔ ሰማያዊ ሆኖ ያየሁት አልፎ አልፎ ነው" አለ።

ውኃው ግራጫና አረንጓዴ ነበር፤ ገብስ ከማሸቱ በፊት ነፋስ ሲያልፍበት እንደሚሆነው። ያንን ነፋስ አውቀዋለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ በየማሳው ሳየው ኖሬአለሁ። ዕድሜ ልኬን ባሕር ስስል ሰማያዊ ቀብቼ፣ ነጭ መስመር ደርድሬ፣ ሁለት ዓሣ ጨምሬ ነው የማልፈው። ገብሱ ደጄ ላይ እያለ ውኃውን ያየው እሱ ሆነ።

"ሰው የለበትም" አልኩት።

"ሄደዋል።"

"ታዲያ ሰው የሌለበት ሥዕል ምን ያደርጋል?"

ጣቱን አርሶ አነሣ። "እሱን ነው ያላወቅኩት" አለኝ።

ቤቱ ጭስ ስለሚበዛበት፣ የሰንበቴ ተራው ሲደርስ ከዳቦውና ከጠላው ጋር ሥዕሉን ተሸክሞ መጣና ሰንበቴ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ያ ግድግዳ የኔ ነበር። የኔ ማርያም ልጇን ታቅፋ፣ መጋረጃዋ ተጋርዶላት ብቻዋን የምትኖርበት ግድግዳ። አሁን ጎረቤት መጣባት።

በሰንበቴው እማማ በለጡ የሚባሉ አዛውንት አሉ፤ ከሁላችንም የሚበልጡ፣ ዓይናቸው የደከመ። አንድ ነገር ለማየት አፍንጫቸው ሊነካው እስኪደርስ ይጠጋሉ። በመጀመሪያው እሑድ ለማርያም ተሳልመው ዞር ሲሉ ደሴቱን አገኙት፤ ተጠግተው ብዙ ቆዩ፤ ከዚያ ተሳለሙት። በእኛ አገር በውኃ መካከል፣ በአለት ላይ፣ ለብቻው የቆመ የድንጋይ ቤት የተባለ እንደሆነ ገዳም ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? በሚቀጥለው እሑድ ሁሉም ሴቶች ተሳለሙት። ትንሽ ቆይቶ አዲስ መጋረጃ ተሰፋለት፤ ጥሩ ነጭ ሸማ፣ ዳር ዳሩ ጥለት ያለው።

የኔ ማርያም መጋረጃ አሮጌ ነበር። "ለእመቤታችንም አዲስ ይሰፋላት እንጂ፣ እንዴት ያለ ነገር ነው?" አልኩ፣ ለሃይማኖት የተቆረቆርኩ መስዬ። "እውነትህን ነው" ብለው ሰፉላት። ከዚያ በኋላም ግን መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ደሴቱ ነበር።

ንጋቱ ሊያሳስታቸው አልፈለገም። "እማማ፣ ይሄ ቤተ ክርስቲያን አይደለም፤ ሰው የኖረበት ቤት ነው" አላቸው እሑድ ዕለት፣ ሁላችን በተሰበሰብንበት።

"ሰው ኖሮበት ከሆነ ተለቅሶበታል፣ ተጸልዮበታል" አሉት። "አትከልክለኝ ልጄ።" ቀጥለው ወደ ሥዕሉ ተጠጉና፣ "ይልቅ አንድ ነገር ንገረኝ። ሰው የለም ትላለህ። ደጁን ማን ጠረገው?" አሉ።

ሁላችን ተጠጋን። ከቤቱ ፊት ለፊት ያለው አሸዋ ላይ ቀጫጭን የመጥረጊያ ጭረት ነበር፤ ግማሽ ክብ፣ ግማሽ ክብ እየሆነ የሚወርድ። ሥዕሉ ከተሰቀለ ጀምሮ ጥፋት ስፈልግበት የኖርኩ ሰዓሊ እኔ ነኝ፤ ያየችው ግን ዓይኗ የደከመ አሮጊት ሆነች። ንጋቱ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣቱን አላነሣም።

ወደ ቤታችን ስንሄድ ሳልጠይቀው ነገረኝ። በዚያ ደሴት ላይ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ይኖሩ ነበር። ዝናብ እየቀረ ጉድጓዳቸው ጨው ሆነባቸው። ውኃ የለም፣ ኑሮ የለም፤ ጥለው ወጡ። የንጋቱ መርከብ ነበረች ወደ የብስ ያመላለሰቻቸው። የመጨረሻዋ ሴት አልወጣ አለች። ዕቃዋ ተጭኖ፣ ልጆቿ ተሳፍረው፣ እሷ በዘንባባ ዝንጣፊ ደጇን ትጠርጋለች።

"ማዕበል ሊነሣ ነበር" አለኝ። "ቶሎ በይ አልኳት። ሰው የማይመለስበትን ደጅ መጥረግ ምን ያደርግልሻል ብዬ ጮኽኩባት። ዞራ እንኳ አላየችኝም። ጨርሳ መጥረጊያውን ውኃው ዳር አለት ላይ አስደግፋ መጣች።"

"ምን አለችህ?"

"ምንም። ተቀመጠች። እኔም መልህቅ ሳብኩ።" ጥቂት ተራመድንና፣ "እስላሞች ነበሩ፣ ሰዎቹ" አለኝ። "እማማ በለጡ ያንን ሲሳለሙ ባየሁ ቁጥር ምን እንደምል ይጠፋኛል። አንተ ምን ትላለህ?"

የኔ ልብ ግን ሌላ ሥራ ይዞ ነበር። ማርያምን ትተው የሚሳለሙት የእስላም ዓሣ አጥማጅ ቤት ነው። ይህን በሰንበቴው መካከል አንድ ጊዜ ብናገር መጋረጃው በማግስቱ ይወርዳል። ቤት ገብቼ ለዘነበች ነገርኳት።

"ታዲያ ለሰዉ ልትነግር ነው?" አለችኝ።

"ምእመናን ማወቅ ይገባቸዋል።"

"ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ" አለችና ሥራዋን ቀጠለች።

ሳልናገር ኖርኩ። ደግነት ይዞኝ እንዳይመስላችሁ። ብናገር ንጋቱ ይነሣና ያቺን ሴት ለኔ እንደነገረኝ አድርጎ ለሁሉም ይነግራቸዋል፣ ያን ጊዜ ይብሱን ይወዱታል ብዬ ስለፈራሁ ነው። እሱ በሕይወት እያለ በወሬ የሚያሸንፈው ሰው አልነበረም።

አሁን ሞተ። አርባው እንዳለፈ መምሬ ታደሰ፣ የደብራችን ቄስ፣ አስጠሩኝ።

"ተክሌ፣ ይህ ነገር ኅሊናዬን ከበደው" አሉኝ። "ቅዱስ የሌለበትን ሥዕል ሰው ሲሳለም ዝም ብዬ አየሁ። ንጋቱን መስቀል ጨምርበት ብለው፣ አልነበረበትም ብሎ እንቢ አለኝ። ላውርደው ብል ሴቶቹ አይለቁኝም። አንተ አንድ ጻድቅ ደጁ ላይ አቁምልን፣ ግድግዳው ጫፍ ላይ መስቀል አድርግበት። ያን ጊዜ ሁሉም በሥርዓቱ ይሆናል።"

የተሰማኝን ደስታ ለመደበቅ ጎንበስ ብዬ መስቀላቸውን ተሳለምኩ። በዚያ ሥዕል ላይ እጄ ሊያርፍ ነው። ሰው ከእንግዲህ ሲሳለም የኔን ጻድቅ ነው የሚሳለመው፤ የንጋቱ ባሕር የኔ ጻድቅ ጀርባ ይሆናል። ከስንት ጊዜ በኋላ ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ። ጻድቁን አቡዬን ለመሳል ወሰንኩ፤ በረሃ ይስማማቸዋል። ደግሞም አቡዬ ብቻቸውን አይሳሉም፤ አንበሶቹ አሉ፣ ነብሮቹ አሉ። አንበሳና ነብር ግራና ቀኝ ደርድሬ ደሴቱን ግጥም አደርገዋለሁ ብዬ አሰብኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሥዕሉ ከግድግዳው ወርዶ ወንበር ላይ ተደገፈልኝ። ሰንበቴው ሁሉ ሊያይ ከበበ። ቀለሜን በጠበጥኩ፣ ብሩሼን አረጠብኩ። ጻድቁ የሚቆሙበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ የተጠረገው ደጅ። ሌላው አለት ነው፣ ውኃ ነው።

ልጀምር ስል ከኋላዬ አንዱ፣ "ንጋቱ ነፍሱን ይማረውና፣ ገዳሙን ተሳልሞ ያየውን ነው ያመጣልን። እግሩ የተባረከ ሰው ነበር" አለ። ሌሎቹም "እውነት ነው፣ እውነት ነው" አሉ።

ይህን ጊዜ አልቻልኩም። ብሩሹን አስቀመጥኩና ዞርኩ።

"ገዳም አይደለም" አልኩ። "ገዳም ሆኖ አያውቅም። የዓሣ አጥማጆች ቤት ነው። ሰዎቹም እስላሞች ናቸው። ጉድጓዳቸው ጨው ሆኖባቸው ወጡ። ይህንን ደጅ የጠረገችው አንዲት እስላም ሴት ናት። ንጋቱ ራሱ ነው የነገረኝ።" ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መርከቧን፣ ዝንጣፊውን፣ ቶሎ በይ ብሎ መጮኹን። ይህንንማ በደንብ ነው የነገርኳቸው፣ እግሩ የተባረከው ሰው ምን ብሎ እንደጮኸ ይስሙ ብዬ።

መምሬ ታደሰ መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። አሁን መጋረጃው ይወርዳል አልኩ በልቤ።

እማማ በለጡ ከመደባቸው ተነሡ።

"ስሟ ማን ነበር?" አሉኝ።

"ማን?"

"የጠረገችው።"

"አላውቅም እማማ። ንጋቱም አልጠየቃት።"

"ውኃ አጥታ ነው የወጣችው?"

"አዎ።"

በዱላቸው መሬቱን እየዳሰሱ መጡና ከሥዕሉ ፊት ቆሙ። "እኔ ከዚህ ከቆላው ነው የመጣሁት፣ ታውቃላችሁ" አሉ። "በድርቁ ጊዜ ልጅ ሆኜ። እናቴ ከብቱ ካለቀ፣ እህሉ ካለቀ በኋላ ስንወጣ ደጇን ጠርጋ ነው የወጣችው። አባቴ ጮኸባት። ምን ያደርግልሻል አላት። ስንመለስ ቆሻሻ ደጅ አይቀበለን አለችው።"

"ተመለሳችሁ?" አሉ መምሬ ታደሰ።

"አልተመለስንም አባቴ።"

ከዚያ ወደኔ ዞሩ። ፊቴን እንደማያዩት አውቃለሁ፤ ግን ያዩኝ መሰለኝ።

"ጻድቁን ሌላ ቦታ ሳልልን ልጄ። አንተ እጅህ መልካም ነው" አሉኝ። "የሷን ደጅ ግን እንዳትረግጥባት።"

አንዲት ሴት ማልቀስ ጀመረች። ሌላዋ "ምስኪን፣ ልጆቿ የት ደርሰው ይሆን?" አለች። ስለሷ መልክ፣ ስለ ልጆቿ ቁጥር፣ የት ሄዳ ውኃ እንዳገኘች፣ ስለማያውቁት ነገር ሁሉ ይነጋገሩ ጀመር። በሰሌዳው ላይ አንዲትም ሴት አልተሳለችም፤ እነሱ ግን አዩዋት። እኔ ዕድሜ ልኬን ሰው ብቻ ነው የሳልኩት፤ አንድም ቀን ከሥዕሌ ፊት ቆሞ "ይህች ምን ሆና ይሆን?" ያለ ሰው የለም።

መምሬ ታደሰ ብዙ አሰቡ። በመጨረሻ፣ "መሳለሙ ይቅር። ሥዕሉ እንደነበረ ይሰቀል" አሉ። "ለሴትየዋም እግዚአብሔር ውኃ ይስጣት" ብለው ጨመሩ፤ ሰንበቴው "አሜን" አለ። እኔም አብሬ አሜን አልኩ፤ ከአፌ ወጣ።

መልሶ መስቀሉ ለኔ ቀረ። ሰዉ ሁሉ ከወጣ በኋላ ብቻዬን ሰሌዳውን አንሥቼ ሚስማሩ ላይ አዋልኩት። ብሩሼ ላይ ቀለሙ ደርቆ ነበር። መጋረጃውን ልዘጋ ስል እንደ እማማ በለጡ ተጠግቼ አየሁት። ጭረቱ ከቤቱ በር ነው የሚጀምረው። ሴትየዋ ወደ ኋላዋ እየሄደች ነው የጠረገችው፣ የገዛ ዱካዋ እንዳይቀር። የመጨረሻው ጭረት የሚያልቀው ከሰሌዳው ግርጌ ነው፤ መርከቧ በቆመችበት፣ ንጋቱ ቆሞ በጮኸበት ቦታ፣ አሁን እኔ በቆምኩበት። እያንዳንዷን ጭረት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሳባት፤ ሁለተኛ አልነካትም። እንዲህ መሳብ አልችልም። ቤቴ ሄጄ ብሞክርም አልችልም።

አልተሳለምኩትም። ንጋቱ ባለበት ሆኖ የሚሰማኝ ከሆነ ይህን ይወቅልኝ። ብቻ ከሲሚንቶው የሚወጣው ብርድ እግሬን ሲይዘኝ ነው፣ ጫማዬን መቼ እንዳወለቅኩት ሳላውቅ ባዶ እግሬን እንደቆምኩ ያወቅኩት።